አልጋቸውን የሚያነጥፉ ቱሪስቶች

ዴንቨር አጠገብ ካለችው ከኦሮራ ከተማ ተነሥተን አንዲት ሞቃት ደሴት ላይ ሳምንት ሰንብተን ከተመለስን ዛሬ ሃያ አንድ ቀን ሆነ። በዚህ መካከል ያገኘኝ ሰው ሁሉ «ባሕሩ እንዴት ነው?» ይለኛል። ስለ ባሕሩ የምለው ጥቂት ነው። ሰማያዊ ነው፤ ለብ ያለ ነው፤ ዓይን ውስጥ ሲገባ ያቃጥላል። ስለ አንድ አልጋ ግን ብዙ የምለው ስላለኝ፣ ነገሩን በየቀኑ ከፋፍዬ ብጽፈው ለአንባቢም ለእኔም ይቀላል ብዬ አሰብኩ። የደሴቲቱንና የሆቴሉን ስም አልጠራም፤ የሰዎቹንም ስም ለውጫለሁ። እዚያ ለሚሠሩት የእንጀራ ጉዳይ ነውና።

በቅድሚያ ማን እንደሄደ ላስረዳ። እኔ ኦሮራ ውስጥ በአንድ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ረዳት መምህርት ነኝ። ከእኔ ጋር የሄዱት፣ ይልቁንም እኔን ይዘውኝ የሄዱት፣ አክስቴ ዘይነባ ናቸው። አክስቴ ዴንቨር መሃል ከተማ ባለ ትልቅ ሆቴል ክፍል ሲያጸዱ አሥራ አንድ ዓመት ሆኗቸዋል። ሆቴሉ ዓመቱን ሙሉ ከሥራ ላልቀሩ ሠራተኞች ዕጣ ያወጣል፤ ዘንድሮ ለእሳቸው ወጣላቸው። ዕጣው የዚያው ባለቤት ንብረት በሆነ የደሴት ሆቴል የሰባት ቀን ቆይታ ነው፤ ለሁለት ሰው፣ ከነምግቡ፣ ከነአውሮፕላን ቲኬቱ። አክስቴ ወረቀቱን አስነብበውኝ «እኔ ሆቴል ሄጄ ምን ልሠራ?» አሉ። በምትኩ ሰባት ቀን ቤታቸው ቢተኙ ይቻል እንደሆነ አለቃቸውን ጠየቁ። አይቻልም ተባሉ። እኔ ለማርች ዕረፍት ትምህርት ቤት የሚዘጋበትን ሳምንት መረጥኩና ተነሣን።

ቅዳሜ

ጠዋት ሲነጋ በረዶ ይጥል ነበር። ጎረቤታችን ካሚል ታክሲ ነጂ ነው፤ እሱ ሊያደርሰን መጣ። ሻንጣዎቹን ሲያነሣ አቃሰተ።

«እትዬ ዘይነባ፣ ይሄ ሁሉ ለባሕር ነው?»

«ምግብ ነው። በሰው አገር ምን እንደሚያበሉን በምን አውቃለሁ?»

«ምግቡ ኢንክሉድድ ነው አላላችሁም?»

«ኢንክሉድድ የሆነው አሳማ ቢሆንስ?»

«ባሕር መሃል እኮ ነው የምትሄዱት። ዓሣ አይጠፋም። እኔ እንኳን የማዝንልዎት ለሌላ ነው። ሳምንት ሙሉ መጥረጊያ ሳይነኩ እንዴት ይሆኑ ይሆን?»

«አንተ መንገድህን እይ» አሉት።

ካሚል ተዘግቶ ባዶ በቀረው በአሮጌው አየር ማረፊያ አጠገብ አሳልፎን ወደ አዲሱ ነዳ። አዲሱ አየር ማረፊያ ከከተማው በጣም የራቀ ነው፤ ሰው ሁሉ ያማርራል። ካሚል ግን «አላህ ያሠራቸውን ይባርክ» ይላል፤ ርቀቱ የታክሲ ሰው ገቢ ነውና።

ማያሚ ላይ አውሮፕላን ቀይረን ከሰዓት በኋላ ደሴቲቱ ደረስን። የዴንቨር አየር ደረቅ ነው፤ ከንፈር ይሰነጥቃል። የዚያ አገር አየር ደግሞ እርጥብ ሆኖ ልብስን ከገላ ጋር ያጣብቃል። ከአውሮፕላኑ ደረጃ ሳንወርድ መነጽሬ በጉም ተሸፈነ።

የመጀመሪያው እክል ጉምሩክ ላይ ገጠመን። መርማሪው ከአክስቴ ሻንጣ ውስጥ በፕላስቲክ የታሰረ ዱቄት አወጣ። በሶ ነው። «ይሄ ምንድን ነው?» አለ። እኔ ስለ ገብስ፣ ስለ መቁላትና ስለ መፍጨት በቅደም ተከተል ማስረዳት ጀመርኩ። አክስቴ ግን የእኔን ማብራሪያ አልጠበቁም፤ ፕላስቲኩን ፈትተው በጣታቸው ቆንጥረው አፋቸው ውስጥ ጨመሩና እሱንም «ብላ» በሚል ምልክት ዘረጉለት። ሰውየው አሽትቶ ሳቀ። አያቱ በቆሎ ቆልተው፣ ፈጭተው፣ ስኳር ጨምረው ተመሳሳዩን ያበሉት እንደነበር ነገረን። ሻንጣውን ራሱ ዘጋልን።

ሆቴሉ ስንደርስ በእጃችን አንጓ ላይ ቢጫ የላስቲክ አምባር አሰሩልን። ስለዚህ አምባር ትንሽ ላብራራ። አምባሩ ያለው ሰው በአጥሩ ውስጥ ያሻውን ይበላል፣ ይጠጣል፣ በየወንበሩ ይጋደማል፤ ማንም ማነህ አይለውም። የሌለው ደግሞ የሚያገለግል ነው፣ ወይም ከአጥሩ ውጭ ነው። የደሴቲቱ ሰው ከፊታችን በፊት አንጓችንን ነበር የሚያየው።

እሁድ

አክስቴ ከሱብሂ ሰላት በኋላ መልሰው አይተኙም። ስነቃ የእሳቸው አልጋ ተነጥፏል፣ የመታጠቢያው ገንዳ ተወልውሏል፣ ቆሻሻው ታስሮ በር ላይ ተቀምጧል። እኔንም ከአልጋዬ አስነሥተው አነጠፉት።

«አክስቴ፣ የሚያጸዳ ሰው እኮ ይመጣል» አልኳቸው።

«የኛን ቆሻሻ ለሰው ልጅ ጥለን ልንሄድ ነው?»

እዚህ ላይ የአልጋ አነጣጠፍን ነገር ማስረዳት አለብኝ፤ ቀጥሎ የሚመጣው ሁሉ በእሱ ላይ ቆሟል። አክስቴ በዴንቨሩ ሆቴል ወግ የአንሶላውን ጥግ እንደ ፖስታ ጀርባ አጥፈው ፍራሹ ሥር ይወትፉታል፤ አልጋው ላይ ኳስ ቢወረወር ይነጥራል። ከላይ በኩል ምንም አይገለበጥም። በደሴቱ ሆቴል ግን አንሶላው በብርድ ልብሱ ላይ አንድ ስንዝር ያህል ይገለበጥና መሃሉ ላይ እንደ ባሕር ዛጎል ይታጠፋል። ይህን የዚያን ጊዜ ልብ አላልነውም። እንደደረስን አልጋው ላይ ያየነውን ዛጎል አክስቴ «ለመቀበያ ያደረጉት ጌጥ ነው» ብለው አልፈውት ነበር።

ክፍላችንን የምታጸዳው ማርቫ ትባላለች፤ ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው። በሩን ከፍታ ስትገባ ቆማ ቀረች። አልጋውን አየች፣ እኛን አየች፣ እንደገና አልጋውን አየች።

«ማነው ያነጠፈው?»

አክስቴ በጣታቸው ደረታቸውን ነኩ። እንግሊዝኛቸው የሥራ እንግሊዝኛ ነው። ፎጣ፣ ሳሙና፣ ስንት ሰዓት ይወጣሉ፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን እኔ አስተረጉማለሁ። «እኔም እንደ አንቺ ነኝ በያት» አሉኝ። ነገርኳት። ማርቫ ጮክ ብላ ሳቀች፤ ባልደረባ ናት ብላ ሳይሆን ቀልድ መስሏት ነው። አልጋውን ሳትነካ ፎጣ ቀይራልን ሄደች።

ቀኑን ባሕሩ ዳር አሳለፍነው። አክስቴ ረጅም ቀሚሳቸውንና ሻሻቸውን እንደለበሱ ጥላ ሥር ተቀመጡ። አጠገባችን የተጋደመች ቱሪስት ከየት እንደመጣን ጠየቀችን። «ዴንቨር» ስላት «እንዴት የታደላችሁ ናችሁ! በየሳምንቱ የበረዶ ሸርተቴ ትጫወታላችሁ ማለት ነው» አለች። ለአክስቴ ተረጎምኩላቸው። አክስቴ በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ተራራውን የሚያውቁት ከሚያጸዱት ክፍል መስኮት ነው። እኔም ከኦሮራ በየቀኑ አየዋለሁ፤ በስተምዕራብ ተደርድሮ የሚታይ ነገር ነው፤ መንገድ ሲጠፋኝ በእሱ እመለሳለሁ። አንድ ጊዜም አልወጣሁበትም።

ደሴቱ ላይም ነገሩ ያው ሆኖ አገኘሁት። ቱሪስቱ ፀሐይ በበረታች ሰዓት እሳት ላይ እንዳለ ሥጋ እየተገላበጠ ይጠበሳል። ያገሩ ሰው በዚያ ሰዓት የግድግዳ ጥላ ይዞ ነው የሚሄደው። ከአጥሩ ወዲያ ዓሣ አጥማጆች ጀልባቸውን ገልብጠው፣ ከሥሯ ገብተው ተኝተዋል። ፀሐይዋ ስትበርድና ቱሪስቱ ለእራት ሲገባ እነሱ ሊታጠቡ ባሕር ገቡ።

ሰኞ

ሰኞ ጠዋት አክስቴ እንደገና አነጠፉ። ማርቫ ስትመጣ «አይሆንም፣ እኔ ላንጥፈው» ብላ ወደ አልጋው ሄደች። አክስቴ እጇን ያዙ።

«አልቋል። አንቺ ተቀመጪ።»

«አልችልም፣ ማዳም።»

«ቁጭ በይ! አምስት ደቂቃ! ሰሚራ፣ ንገሪያት እንጂ። ቤቴ ገብታ ቆማ ልትወጣ ነው? በሞቴ በያት።»

«በሞቴ»ን ወደ እንግሊዝኛ ለመመለስ ሞከርኩ፤ ሳይሆንልኝ ቀረ። አክስቴ ግን ትከሻዋን ይዘው በረንዳው በር ላይ ያለው ወንበር ላይ አስቀመጧት፤ ከትንሿ ፍሪጅ የማንጎ ጭማቂ አውጥተው ሰጧት። ማርቫ በወንበሩ ጠርዝ ላይ ነው የተቀመጠችው። ቢሆንም ጨዋታው ያዘን። እናቷና የአሥር ዓመት ልጇ ከእሷ ጋር እንደሚኖሩ፣ ስድስት ዓመት እዚህ ስትሠራ በሆቴሉ በኩል ባለው ባሕር አንድም ቀን እንዳልዋኘች ነገረችን። አክስቴ ስለ ተራራው ነገሯት። ሁለቱ ተሳሳቁ። «ረቡዕ ግማሽ ቀን ዕረፍት ነኝ፤ እናቴ ዘንድ ትበላላችሁ» አለችን።

በዚህ መካከል በሩ ሁለት ጊዜ ተንኳኳና ተከፈተ። የገቡት ሚስስ ፕራት ናቸው። የክፍል ጽዳት ተቆጣጣሪ ናቸው፤ ስድሳ ዓመት ገደማ፣ ቀጥ ያሉ፣ ነጭ ሸሚዝ የለበሱ፣ ደብተር የያዙ። ማርቫ ብድግ ስትል ጭማቂው እጇ ላይ ተደፋ። ሚስስ ፕራት ለእኛ ፈገግ አሉ። «ሁሉም ነገር ተመችቷችኋል?» አሉ። «በጣም» አልን። አልጋውን አንድ ጊዜ አይተው ወጡ። አክስቴ «ጨዋ ሴትዮ ናቸው» አሉ።

ማክሰኞ

የሆቴሉ አውቶቡስ እንግዶቹን «መንደር» ሊያሳይ ይዞን ሄደ። መንደሩ የሣር ክዳን ያላቸው ስድስት ጎጆዎች ናቸው፤ ፊት ለፊታቸው አበባ ያለበት ቀሚስ የለበሱ ሴቶች ቅርጫት ይሠራሉ። አስጎብኚው የሚለውን ሁሉ በማስታወሻዬ ጻፍኩ። ስንወጣ ከጎጆዎቹ ጀርባ ሁለቱ ሴቶች አበባውን ቀሚስ አውልቀው፣ ጂንስ ለብሰው፣ ሚኒባስ ሲጠብቁ አየሁ። ማስታወሻዬን መልሼ ቦርሳዬ ከተትኩ። ነገሩ ግን ለእኔ አዲስ አልነበረም። ወደ ዴንቨርም የሚመጣውን ቱሪስት ባርኔጣ ያደረገ፣ ገመድ የሚወረውር ሰው ያሳዩታል። እኛ የምንሳፈርበትን የኮልፋክስ ጎዳና አሥራ አምስት ቁጥር አውቶቡስ ከነተሳፋሪው የሚያሳየው የለም።

ስንመለስ አክስቴ ጠዋት ያነጠፉት አልጋ ፈርሶ እንደገና ተነጥፎ ቆየን። ላዩ ላይ ዛጎሉ አለ። ማርቫን ኮሪደሩ ላይ አገኘናት፤ ሰላምታ ሰጠችንና ጋሪዋን እየገፋች አለፈች። የትናንቷ ሴት አልነበረችም።

«ምን አደረግናት?» አሉ አክስቴ።

«ደክሟት ይሆናል።»

«ድካምን አውቀዋለሁ። ይሄ ድካም አይደለም።»

ረቡዕ

ማርቫ ቃሏን አላጠፈችም። ስድስት ሰዓት ላይ በሠራተኞች መውጫ በር ጠበቀችን፤ ለአክስቴ የራሷን ስስ ሹራብ አለበሰቻቸው። ለምን እንደሆነ የገባኝ ሚኒባሱ ሲመጣ ነው። ረዳቱ በር ላይ ተንጠልጥሎ የሰፈር ስም ይጠራል፤ ሰው ሲጫን ይገፋል፣ ሰው ሲወርድ ይሳደባል፤ የአዲስ አበባን ወያላ አምጥተው እዚያ የተከሉት ይመስላል። የእኔን ቢጫ አምባር እንዳየ ዋጋው ሦስት እጥፍ ሆነ። ማርቫ በራሳቸው አነጋገር ወረደችበት። ከቃሉ አንዱም አልገባኝም፤ ልጁ ግን ሳቀና ያገሬውን ዋጋ ተቀበለኝ። «እሷን ደብቂያት» ብሎ አንጓዬን አሳየኝ። እጅጌዬን ጎተትኩ።

ቤታቸው ከባሕሩ የራቀ፣ ቆርቆሮ ክዳን ያለው የሳንቃ ቤት ነው። እናቷ ሚስ አይና በር ላይ ተቀምጠው ዓሣ ያጸዱ ነበር። ጥርሳቸው ጥቂት፣ ዓይናቸው ንቁ ነው። እኛን ሲያዩ ቢላዋቸውን አስቀመጡ።

«አልጋቸውን የሚያነጥፉ ቱሪስቶች እነዚህ ናቸው?»

«እማ!» አለች ማርቫ።

«እስቲ ልያቸው እንጂ። ሰባ ሦስት ዓመቴ ነው፣ እንዲህ ያለ አይቼ አላውቅም።»

ምግቡ ቀረበ። የተጠበሰ ዓሣ፣ ከጎመን የማይለይ ቅጠል፣ እሳት ውስጥ ከነልጣጩ የተጠበሰ ብሬድፍሩት የሚሉት ፍሬ። ጣዕሙ በድንችና በትኩስ ዳቦ መካከል ነው። አክስቴ ከሆቴሉ ምግብ ሰላጣና ዳቦ ብቻ ሲበሉ ሰንብተው ስለነበር እዚያ ግን በልተው ጠገቡ። ሚስ አይና ሊያጎርሷቸው ትንሽ ነበር የቀራቸው። ሁለተኛው ሳህን ላይ ሳለን ሚስ አይና በእርጋታ፣ ስለ አየሩ እንደሚያወሩ ሁሉ፣ «በናንተ ምክንያት ልጄ ሁለት ምልክት አገኘች» አሉ።

ማርቫ እናቷን ለማስቆም ሞከረች፤ አልቆሙም። እኔ እየሰማሁ ለአክስቴ ተረጎምኩ። ነገሩ እንዲህ ነው። ሚስስ ፕራት በደብተራቸው ጥፋት ይመዘግባሉ። ሦስት ምልክት ያገኘች ሠራተኛ ዓርብ በሚለጠፈው የሥራ ዝርዝር ላይ ስሟ አይወጣም፤ የቀሩትም ምልክት ከሌላት ጀምሮ ይደረደራሉ፣ ቦታው ሲሞላ ከታች ያሉት ይወድቃሉ። ከፋሲካ በኋላ ቱሪስት ስለሚቀንስ የዚህ ሳምንት ዝርዝር ደግሞ የወራት ዝርዝር ነው፤ ያልወጣች እስከ ዲሴምበር ቤቷ ትቀመጣለች። ማርቫ እሁድ አንድ ምልክት አገኘች፤ አልጋው ዛጎል ስላልነበረው ነው። ሰኞ ሁለተኛውን አገኘች፤ የእንግዳ ወንበር ላይ ተቀምጣ ስለተገኘች።

«ለምን አልነገርሻቸውም?» አልኳት። «አልጋውን እኛ እንዳነጠፍነው።»

«ቱሪስት አልጋውን አነጠፈ ልበላት? ዋሸሽ ብላ ሦስተኛውን ትጽፍብኛለች።»

አክስቴ ሹካቸውን አስቀመጡ።

«ዴንቨር» አሉ በአማርኛ፣ «አልጋው የተነጠፈ ክፍል ካጋጠመኝ ያን ቀን አላህን አመሰግናለሁ። አለቃዬ ንጹሕ መሆኑን ነው የምታየው፤ ማን አነጠፈው አትልም። እኔ ለዚች ልጅ ያንን ነበር የሰጠኋት የመሰለኝ።» ከዚያ ወደ ማርቫ ዞረው የያዙትን እንግሊዝኛ ሁሉ ሰበሰቡ። «ይቅርታ። እኔ፣ አላወቅሁም።»

 ሚስ አይና የአክስቴን ሳህን አንሥተው ሌላ ዓሣ ጨመሩበት። «አሁን ብይ» አሏቸው። «ተናድጄ ቢሆን መች አበላሽ ነበር?»

ሐሙስ

ሌሊቱን ደብዳቤ አረቀቅሁ። ጉዳዩን በአራት ነጥብ ከፈልኩት፤ መጀመሪያ ማን እንደሆንን፣ ሁለተኛ እሁድ የሆነው፣ ሦስተኛ ሰኞ የሆነው፣ አራተኛ የምንጠይቀው። ለማስተማሪያ የሚሆን ደብዳቤ ነበር። ጠዋት ከአክስቴ ጋር ወደ ሚስስ ፕራት ቢሮ ሄድን። ቢሮው ከልብስ ማጠቢያው አጠገብ ነው፤ ግድግዳው ከማሽኖቹ ጋር ይንቀጠቀጣል።

ሚስስ ፕራት ደብዳቤውን ቆመው አነበቡት፤ አመሰገኑን፤ መሳቢያ ከፍተው አስገቡት። መሳቢያው ውስጥ ሌሎች ደብዳቤዎች አየሁ።

«እንግዶች ደጎች ናቸው» አሉ። «አንዷን ልጅ ይወዷታል፤ ጥፋተኛ አይደለችም፣ እኔ ነኝ ጥፋተኛው ብለው ይጽፉልኛል። ከዚያ ቅዳሜ ይሄዳሉ።»

«እውነቱን ነው የጻፍኩት» አልኩ።

«አልጠራጠርም» አሉ። በአነጋገራቸው ግን ተጠራጥረው ነበር።

አክስቴ የተባለውን ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው።  ከዚያ በእንግሊዝኛቸው «አልጋ ስጪኝ» አሉ።

ሚስስ ፕራት አልገባቸውም።

«አልጋ። ያልተነጠፈ። አሁን።»

ከኮሪደሩ ማዶ እንግዳ የወጣበት ክፍል ነበር። ሚስስ ፕራት እንግዳን እምቢ አይሉም፤ ደንቡ ነው፤ ከፈቱት። ማርቫ በዚያ ፎቅ ስትሠራ ስለነበረች ጋሪዋን ይዛ በር ላይ ቆመች። አክስቴ እጅጌያቸውን ወደ ላይ ሲሰበስቡ ቢጫው አምባር ክንዳቸው ላይ ወጣ። ንጹሕ አንሶላ ከጋሪው ሳቡ። አንድ ጊዜ አራገፉት፤ አየር ሞልቶ ወረደ፤ በአልጋው መሃል ላይ ልክ ተቀመጠ። በአንድ ጎን ብቻ ሄደው ሁለቱን ጥግ አጠፉ፣ ዞረው ሁለቱን አጠፉ፤ አንድ እርምጃ እንኳ በከንቱ አልሄዱም። ትራሱን በአገጫቸው ሥር ይዘው ልብሱ ውስጥ ጣሉት። አክስቴን ቤት ውስጥ ስንት ዓመት አውቃቸዋለሁ፤ ሲሠሩ ግን አይቻቸው አላውቅም ነበር። አላላባቸውም፣ አልተጣደፉም፤ እኔ ለማየት ገና ስዘጋጅ አልጋው አልቆ ነበር።

ሚስስ ፕራት ተጠግተው ጥጉን በሁለት ጣታቸው ጫን ጫን አደረጉት። ጎንበስ ብለው ከሥሩ አዩ።

«እሁድ ያየሁት ይሄ ነው» አሉ። ቀና ብለው አክስቴን ከራስ እስከ እግር አዩዋቸው፤ አምባሩን ዘለው እጃቸው ላይ ቆዩ። «ስንት ዓመት?»

«አሥራ አንድ።»

«እኔ ሃያ ስድስት ዓመት አንጥፌያለሁ።» ደብተራቸውን አወጡና አንዱን መስመር ሰረዙ። ከዚያ ወደ ማርቫ ዞሩ። «ለምን አልነገርሽኝም?»

«ያምኑኝ ነበር?»

ሚስስ ፕራት እስክሪብቷቸውን ወደ ኪሳቸው መለሱ። አክስቴ ግን ገና አልጨረሱም። «ወንበሩስ?» አሉ። «በያቸው፣ እኔ ነኝ በግድ ያስቀመጥኳት። በኛ አገር ቤት የገባ ሰው ሳይቀመጥ አይወጣም።» ተረጎምኩ።

«እሱ ቤታችሁ ነው» አሉ ሚስስ ፕራት። «ይሄ ግን የማንም ቤት አይደለም። ተቀምጣለች፤ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ሌሎቹም ልጆች ሰምተዋል። እሱ ይቆያል።» ደብተሩን ዘጉ። በር ላይ ደርሰው ቆሙና ለአክስቴ ብቻ የሚናገሩ ይመስል ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እዚህ እንግዳ ሆነው ሊረዷት ከፈለጉ ምንም አይሥሩ።»

ዓርብ

አክስቴ ዓርብ ጠዋት ከሰላት በኋላ ወንበር ላይ ተቀመጡ፤ ማርቫ እስክትመጣ ድረስ ከዚያ አልተነሡም። እጃቸውን በእጃቸው ይዘው ነበር። ማርቫ መጥታ አልጋውን ስታነጥፍ፣ ገንዳውን ስትወለውል፣ ወለሉን ስትጠርግ አክስቴ በዓይናቸው ብቻ ተከተሏት። ተቀመጪ አላሏትም። ጭማቂ አላቀረቡም። በሳምንቱ ውስጥ ሲሠሩ ካየኋቸው ሥራ ሁሉ የከበዳቸው ይህ ይመስለኛል። ማርቫ ዛጎሉን ስታጥፍ ግን ፍጥነቷን ቀንሳ፣ አንዴ ወደ ግራ፣ አንዴ ወደ ቀኝ፣ እያሳየች አጠፈችው። አክስቴ ጣታቸውን ጭናቸው ላይ አብረው አንቀሳቀሱ።

«ዝርዝሩ ስንት ሰዓት ነው የሚወጣው?» አልኳት።

«አሥር ሰዓት። ከወጥ ቤቱ ጀርባ።» ሳቅ ብላ «ቱሪስት እዚያ አይሄድም» አለች።

በአሥር ሰዓት ሄድን። ከወጥ ቤቱ ጀርባ የቆሻሻ በርሜሎች ተደርድረዋል፤ በመስታወት ሳጥን ውስጥ ወረቀት ተለጥፏል፤ ዙሪያውን ሴቶች ቆመዋል። ሲያዩን መንገድ ለቀቁልን። ጥቂቶቹ ዓይናቸው ቀልቷል። ማርቫ ራቅ ብላ ጀርባዋን ለወረቀቱ ሰጥታ ቆማለች፤ አላየችውም ነበር። «አንቺ አታንብቢው» አሉኝ አክስቴ። እንግሊዝኛ ማንበብ ይከብዳቸዋል። ጣታቸውን በመስታወቱ ላይ አድርገው ከላይ ጀምረው ፊደል በፊደል ወረዱ። ወረቀቱ ረጅም አልነበረም። ጣታቸው ከመጨረሻው ስም አንድ ከፍ ብሎ ቆመ። አንድ ጊዜ አነበቡት፤ እንደገና አነበቡት፤ ከዚያ ዞረው ለማርቫ ራሳቸውን ነቀነቁላት።

ማርቫ አልጮኸችም፣ አላቀፈችንም። የለቀቀችውን ትንፋሽ ግን ከቆምኩበት ሰማሁት። አጠገቧ ስሟ ያልወጣ ሴት ስለነበረች ነው ዝም ያለችው። ቆይታ የዚያችን ሴት ክንድ ይዛ አብረው ሄዱ።

ቅዳሜ

የሆቴሉ አውቶቡስ ወደ አየር ማረፊያ የሚነሣው በሦስት ሰዓት ነበር። ማርቫ የምትገባው በአራት ሰዓት ስለሆነ አንገናኝም። አክስቴ ያልተበላውን በሶ ከነፕላስቲኩ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡላት፤ እኔ እንዴት እንደሚበጠበጥ በአምስት ተራ ቁጥር ጽፌ ከሥሩ አደረግሁ። ሻንጣችንን ኮሪደሩ ላይ አወጣን።

በሩ ላይ ሆነን ክፍሉን ዞረን አየነው። አንሶላዎቹ ተኮማትረው ወደ እግርጌ ወርደዋል፤ አንድ ትራስ መሬት ላይ ወድቋል፤ እርጥብ ፎጣ ወንበሩ ላይ ተንጠልጥሏል። አክስቴ መቀነታቸውን ጠበቅ አደረጉ፤ እግራቸው ወደ ውስጥ አንድ እርምጃ ሄዶ ቆመ። እኔ አላስቻለኝም፤ ገብቼ ቢያንስ ትራሱን ለማንሣት ጎንበስ አልኩ።

«ተይው» አሉ አክስቴ። «የማርቫ ነው።»

ትራሱን መልሼ መሬት ላይ አስቀመጥኩት፤ በሩን ዘጋን።